የእሁዱ ጎብኚ ከሆላንድ

አንዱአምላክ ማርኬቲንግ ተምሮ ደብረ ታቦር ላይ የዲጂታል ማስታወቂያ ቢሮ ሲከፍት፣ ሥራው ምን እንደሆነ የገባው ሰው በከተማው አንድ ብቻ ነበር። እሱም ራሱ አንዱአምላክ ነው፤ ያውም አንዳንድ ቀን። ቢሮው ከወንዶች ፀጉር ቤት በላይ፣ በሳንቃ ደረጃ የሚወጣ ጠባብ ክፍል ነው። ታች የሚላጩት ሰዎች ከአናታቸው በላይ ሲራመድ ይሰሙትና «ያ የኢንተርኔቱ ልጅ ዛሬም ገብቷል» ይላሉ። እናቱ ደግሞ ልጃቸው ምን እንደሚሠራ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ኮምፒዩተር ይጠብቃል» ነው መልሳቸው።

ደንበኛ አለው ከተባለ አቶ ገሰሰ ናቸው። አቶ ገሰሰ በንብ ባለሙያነት ከግብርና ጡረታ የወጡ፣ ጋፋት ላይ ቀፎ፣ ከተማ ውስጥ የማር ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። የሱቁን ድረ ገጽ የሠሩላቸው አንዱአምላክና የገዛ ልጃቸው ዓለምነው ነበሩ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ እያሉ አንድ ዶርም ነው የኖሩት። ተመረቁ፤ ሥራ ፈለጉ፤ ሥራው እነሱን አልፈለገም። ድረ ገጹን በዚያ የሥራ ፈት ጊዜያቸው ሠሩና ዓለምነው በመተማ በኩል ሱዳን፣ ከሱዳን ሊቢያ ገባ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከባሕሩ ዳር ነው። «ነገ ነው የምንሳፈረው፤ እማዬን አይዞሽ በሏት» አለ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ቤት ልቅሶ አልተቀመጠም፣ ሳቅም አልገባበትም። ሬሳ የለ፣ ሲሞት አየሁ የሚል የለ። ዘመድ «ይብቃ፣ እርማችሁን አውጡ» ሲል፣ እናትየው እትዬ ዓይናለም «መርዶ ሳልሰማ ልቅሶ አልቀመጥም» ብለው እንቢ አሉ። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነውና፣ ንጋት ላይ ውሻ በጮኸ ቁጥር ሽማግሌዎቹ መጡብኝ እያሉ ይንቀጠቀጣሉ። በሩ ሳይንኳኳ ፀሐይ ስትወጣ «ተመስገን፣ ዛሬም አለ» ብለው ይነሳሉ። አቶ ገሰሰ በበኩላቸው የልጁን ፎቶ ከግድግዳ አውርደው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ ባለቤታቸው ፎቶው ፊት ቆመው ሲያለቅሱ ማየት አቅቷቸው ነው። በዚህ ቤት ከእንግዲህ ፎቶ ማየት ክልክል ነው አሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩና መመሪያ ማውጣቱን ያውቁበታል።

ጥቅምት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ቀን ቆረጠ። ኅዳር ሚካኤል ሲያልፍ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ እትዬ ዓይናለም ወደዱም ጠሉም።

በዚያው ሰሞን አቶ ገሰሰ የሳንቃውን ደረጃ እያቃሰቱ ወጡ።

«አንዱአምላክ፣ ይኸን ድረ ገጽ ዝጋልኝ» አሉ። «ማሩን እንደሆን ሐሙሲት ገበያ ይሻለኛል። እዚያ ቢያንስ ቀምሶ ነው ሳይገዛ የሚሄደው።»

አንዱአምላክ ብቸኛ ደንበኛው ሊያመልጠው መሆኑን አየ።

«ጋሼ፣ ከመዝጋታችን በፊት ማን እንደሚጎበኘው እንይ። ገብቶ ሳይገዛ የወጣውን ሰው ይዘን፣ በሄደበት ሁሉ ማስታወቂያችን እንዲከተለው ማድረግ ይቻላል።»

«እንዴት አድርጎ ነው የሚከተለው?»

«ገጻችንን ያየ ሰው ስልኩ ላይ ምልክት ይቀራል። ከዚያ በኋላ ዜና ሲያነብ ማር፣ ኳስ ሲያይ ማር፣ መዝሙር ሲከፍት ማር።»

«በደርግ ጊዜም እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ» አሉ አቶ ገሰሰ። «ማር ግን አይሸጡም።»

አንዱአምላክ የጎብኚዎቹን መረጃ ከፈተ። ገበያው እንደፈራው ነው። ጥቂት ሰው ተሳስቶ ይገባል፣ መሳሳቱን ሲያውቅ ይወጣል። አንድ ጎብኚ ግን ከሁሉም የተለየ ነበር። አገሩ ሆላንድ። የሚመጣው እሁድ ጠዋት፤ ባለፈውም እሁድ፣ ከዚያ በፊት ባለውም፣ ዓመቱን ወደ ኋላ ቢመለሱም እሁድ። ማሩን አያይም፣ ዋጋውን አያይም። ገብቶ «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ላይ ይቀመጣል፣ ቆይቶ ቆይቶ ይወጣል። «ስለ እኛ» ላይ ያለው ደግሞ አንድ ፎቶ ነው፤ ዓለምነው ጋፋት ላይ፣ ቀፎ አጠገብ ቆሞ፣ የንብ መከላከያውን ዓይነ ርግብ ገልጦ ሲስቅ።

አቶ ገሰሰ መነጽራቸውን አውልቀው በጃኬታቸው ጫፍ ጠረጉትና መልሰው አጠለቁ። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ሪፖርት ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። ንቡ የጠፋበትን ቀፎ «በሽግግር ላይ ያለ» ብለው ጽፈው ያውቃሉ። እውነት የሚናገር ሪፖርት በዓይናቸው ሲያዩ ግን ይህ የመጀመሪያቸው መሰላቸው።

«ማር የማይፈልግ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዋጋ የማይጠይቅ፣ ሆላንድ ተቀምጦ እኛን ብቻ የሚያይ ሰው ማነው?»

አንዱአምላክ ፎቶውን አየ። እሱም የዶርም ጓደኛው ነው የጠፋበት። «ሊሆን ይችላል ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አይደውልም?»

«ወረቀት አላገኘም ይሆናል። ወይ ባዶ እጄን እንዴት እደውላለሁ ብሎ አፍሮ ይሆናል።»

«ማፈሩስ ያፍራል፤ የማን ልጅ ሆኖ!» አሉ፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ፊታቸው ሲፈታ አንዱአምላክ ያየው ያን ጊዜ ነው። «እነዚህ ሳምንታትስ? እዚህ ላይ ለምን አልመጣም?»

እውነትም ጎብኚው የቀረባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ እዚህ ደብረ ታቦር ኔትዎርክ ተዘግቶ የከረመባቸው ሳምንታት።

«ሥራ በዝቶበት ይሆናላ» አሉ አቶ ገሰሰ ለራሳቸው ጥያቄ ራሳቸው መልሰው። አንዱአምላክም ራሱን ነቀነቀ። አራት ዓመት መረጃ ማንበብ የተማረ ሰው ነው።

«በል ያን የምትለውን ተከታይ ላክበት።»

ማስታወቂያው ተሠራ። ያው ራሱ የሚስቀው ፎቶ ነው፤ ከላዩ «ዓለምነው ደውልልን፤ ማንም አይቆጣህም» የሚል ጽሑፍ፣ ከግርጌው ሲነኩት አቶ ገሰሰ ስልክ ላይ የሚደውል «አሁን ይደውሉ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ። አንዱአምላክ «ስለ እኛ»ን የከፈተ ሰው ሁሉ የሚገባበት ስብስብ አዘጋጀና፣ ማስታወቂያው ከስብስቡ ውስጥ ሆላንድ ላለ ሰው ብቻ እንዲታይ አዘዘ። ማስታወቂያ ድርጅቱ ግን አልቀበልም አለ።

«ስብስቡ አነሰ ይላል ጋሼ። ቢያንስ መቶ ሰው መሆን አለበት። አንድን ሰው ለይቶ መከታተል ነውር ነው ይላሉ።»

«መቶ ሰው መከታተሉ ነውር አይደለም?»

«መቶ ሲሆን ገበያ ይባላል።»

አቶ ገሰሰ ትንሽ አሰቡ። ደብረ ታቦር ላይ መቶ ሰው ከነስልኩ አንድ ላይ የሚገኘው የት ነው? ዕድር።

በቀጣዩ የዕድር ስብሰባ ቀን አቶ ገሰሰ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ፣ ወንበር ላይ በተደረደሩት አባላት ፊት ቆሙ። ለእትዬ ዓይናለም ምንም አልነገሯቸውም። ተስፋ ሰጥተን መልሰን ብንነጥቃትስ ብለው ፈርተው ነው።

«ወንድሞቼ፣ ድንኳኔን ከመትከላችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡልኝ» አሉና ነገሩን አስረዱ። አንዱአምላክ ዳታ ለሌለው ከራሱ ስልክ እያጋራ በየረድፉ ዞረ።

«አሁን ይኸን ስከፍት ሆላንድ ድረስ እታያለሁ?» አለ አንዱ።

«አንተማ እዚህም አትታይም» አለው አጠገቡ ያለው።

«እኔ የከፈትኩት ማር ነው የሚያሳየኝ፤ ልጁ የታለ?»

«ወደ ታች ሳበው! ሳበው እንጂ! አውራ ጣትህ ደንዝዟል እንዴ?»

ወዲያው ግን ጨዋታው ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ፎቶው በየስልኩ እየወጣ ነው። ያ ሁሉ አዛውንት አንገቱን ደፍቶ በየመዳፉ የሚስቅ አንድ ልጅ ይዞ ቀረ። አንዳንዶቹ ተነስተው ሊሄዱ ሲሉ የዕድሩ ዳኛ አቶ ፈንታሁን ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ማንም እንዳይነሳ! ያልከፈተ ሰው ልቅሶ እንደቀረ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም ያው የልቅሶ ቀሪ ቅጣት ነው!»

ሁሉም ከፈተ። ስብስቡ ሞላ። ማስታወቂያውም ዓርብ ዕለት ተፈቀደ።

እሁድ ጠዋት አቶ ገሰሰ ቢሮው ውስጥ ስልካቸውን ቻርጀር ላይ ሰክተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ዛሬ እንዳትደውሉልኝ ብለው አስጠንቅቀዋል፤ ባለቤታቸውንም፣ ምክንያቱን ሳይነግሩ። ታች የፀጉር መላጫው ማሽን ይንጫጫል። አንዱአምላክ ሻይ አስመጣ፤ ማንም ሳይጠጣው ቀዘቀዘ።

ስልኩ ጮኸ።

አቶ ገሰሰ ብድግ ሲሉ ወንበራቸው ወደቀ። ስልኩ ላይ የወጣው ስም «ዓይናለም» ነው።

«እቺ ሴትዮ መስመሩን ልትይዝብኝ ነው!» አሉና ዘጉት። መልሶ ጮኸ። ዘጉት። በሦስተኛው ግን አነሱና ጮኹባቸው፤ «አንቺ ሴት! ዛሬ አትደውይ አላልኩሽም?»

የእትዬ ዓይናለም ድምፅ ግን ቢሮውን ሞላው። አንዱአምላክ ከተቀመጠበት ሆኖ ቃል በቃል ይሰማል።

«ልጄ መጣ! ገሰሰ፣ ልጄ መጣ! መዝሙር ከፍቼ በስልኬ መጣ! ፎቶውን ልኮልኛል፣ ደውሉልኝ ይላል! ብነካው አንተ ጋ ጠራ! ከአንተ ጋር ነው ያለው? አገናኘኝ! ድምፁን አሰማኝ!»

«ላከ?» አሉ አቶ ገሰሰ። «ምን ብሎ ላከ?» ለአንድ አፍታ ያህል እሳቸውም አመኑ። ፊታቸው በርቶ ወደ አንዱአምላክ ዞሩ።

አንዱአምላክ ግን ቀዝቅዟል። እጁ ቀድሞት መረጃውን ከፍቷል። አገር፣ ሆላንድ። ማስታወቂያውን ያየ፣ አንድ ሰው። «አሁን ይደውሉ»ን የነካ፣ ያው አንድ ሰው፤ ደጋግሞ።

እትዬ ዓይናለም በባጃጅ ከንፈው መጡ። ደረጃውን ሲወጡ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ ሳንቃውን ይጠርጋል። ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ ጧፍ ይዘውታል።

«ይኸው! ከቅዳሴ ወጥቼ ነው! ይኸው እየሳቀ!»

አንዱአምላክ ስልኩን ተቀብሎ ፎቶውን አላየም። ከፎቶው በላይ፣ ሰዓቱና ባትሪው ካለበት መስመር ላይ አንዲት ትንሽ የቁልፍ ምልክት ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ይቺን ማን አስገባልዎት?»

«የቷን? እሷን? ፌስቡክ ተዘግቶ የነበረ ጊዜ ነዋ፤ ሞባይል ጠጋኙ ‹ይኸ ሲበራ የተዘጋው ይከፈታል› ብሎ አበራልኝ። ማጥፋቱን አላውቅበት፣ እንደበራ ቀረ። ምነው? ልጄ የት ነው ያለው አልኩሽ እንጂ፣ ቁልፍ ምን ይሠራል?» በመደናገጣቸው አንዱአምላክን አንቺ አሉት።

ቁልፏ ቪፒኤን ናት። ደብረ ታቦር ላይ ያለ ስልክ ሆላንድ ነኝ እንዲል የምታደርግ። ከተማው ግማሹ በዚያ ሰሞን ሆላንድ ገብቶ ነበር፤ ሌላው ሲመለስ እትዬ ዓይናለም ሳያውቁ እዚያው ቀሩ።

«እትዬ... እሁድ እሁድ ፎቶውን ያዩ ነበር?»

እትዬ ዓይናለም እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ባላቸውን አዩ።

«ቤት አይቻልም እኮ። አንተ ከልክለህ የለም? ከቅዳሴ ስወጣ ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ስልኩን ሲገዛልኝ ‹እማዬ፣ ይኸን ስትነኪ እኔ እወጣለሁ› ብሎ ምልክት አድርጎልኝ ነበር። እነካዋለሁ፤ ይወጣል።»

አቶ ገሰሰ የወደቀውን ወንበር አንስተው ሊቀመጡ ሞከሩ፤ ከወንበሩ ጋር ትንሽ ታገሉና ትተውት ግድግዳውን ተደገፉ።

«እና ይኸን የላከው ማነው?» አሉ እትዬ ዓይናለም።

አንዱአምላክ ወደ አቶ ገሰሰ አየ።

«አንተን ነው አንዱአምላክ። ማነው የላከው?»

«እኛ ነን እትዬ።»

«ለማን?»

«ሆላንድ ሆኖ ፎቶውን ለሚያይ ሰው።»

«የማየው እኔ ነኝ።»

«አዎ።»

«ሌላስ? ከእኔ ሌላ ከውጭ አገር አንድ ቀን እንኳ ያየው ሰው የለም?»

አንዱአምላክ መዋሸት ይችል ነበር። ኮምፒዩተሩ ግን ፊቱ ላይ ተከፍቶ ነበር፣ ሰንጠረዡም ባዶ ነበር። «የለም» አለ።

መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት በጓሮ ይዘጋጃል፣ እናት ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይቆማል። እትዬ ዓይናለም ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በንጋት ሲጠብቁት የኖሩትን መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ ከፀጉር ቤት በላይ፣ ከማርኬቲንግ ምሩቅ ሰሙት። አልጮኹም። ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን አቀፉት። ከባጃጅ ወርደው ደረጃውን እስኪወጡ ድረስ ልጅ ነበራቸው።

«በሕይወት ያለ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱን አንድ ቀን አያይም? እኔ እንኳ መሃይሟ አየሁት።» ከዚያ ቀና ብለው ባላቸውን ሳይሆን ስልኩን አዩ። «በል ለፈንታሁን ደውል። ድንኳኑን ይትከሉ። አሁን መስመሩ ነፃ ነው።»

ሁለቱ ተደጋግፈው ከወጡ በኋላ አንዱአምላክ ማስታወቂያውን አጠፋ። ሴትዮዋ መዝሙር በከፈቱ ቁጥር የልጃቸው ፊት እየዘለለ ሊወጣባቸው ነው፤ ከዚህ የባሰ ምን ጭካኔ አለ? ስብስቡን ጭምር ሰረዘው። «ይህ ከተሰረዘ አይመለስም፤ እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀው ኮምፒዩተሩ። እርግጠኛ ነኝ አለ። በዚያ ወር ትክክል ሠርቻለሁ ብሎ ያሰበው ነገር ይኸ ብቻ ነው።

ድንኳኑ ተተከለ። ለልቅሶው ትልቅ ፎቶ ያስፈልግ ነበርና አቶ ገሰሰ ስልካቸው ላይ የነበረውን ለማተሚያ ቤቱ ለጌጡ ላኩለት። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ለመፈለግ አቅም አልነበራቸውም። ስልካቸው ላይ የነበረው ደግሞ ማስታወቂያው ነው። ጌጡ የታዘዘውን የሚያትም ሰው ነው፤ አንድም ነገር ሳይቀንስ አተመው። እናም ልቅሶው መሃል፣ በሁለት እንጨት ተወጥሮ፣ ዓለምነው ይስቃል፤ ከአናቱ «ደውልልን፤ ማንም አይቆጣህም»፣ ከእግሩ ሥር አረንጓዴ «አሁን ይደውሉ»። ሰው ሁሉ አየው፤ ይውረድ ለማለት የደፈረ አልተገኘም። አስለቃሿ አበበች ጽሑፉን አንብባ ያንኑ ቃል በዜማ አነሳችው። ደውልልን፣ ደውልልን እያለች ስትዞር ድንኳኑ ሙሉ ተነስቶ ደረቱን መታ። አቶ ገሰሰ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ላይ ነበር።

እትዬ ዓይናለም ከሴቶቹ መሃል አንዱአምላክን በዓይናቸው ጠሩት። ሄዶ ተንበረከከ። ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

«አንዱዬ፣ እሁድ እንደገና ይመጣል አይደል?»

«ምኑ እትዬ?»

«ፎቶው ነዋ። ሁለት ዓመት ስሄድበት የኖርኩት እኔ ነኝ። እነካዋለሁ፣ ይወጣል። ያን ቀን ግን እኔ ሳልነካው እሱ ራሱ መጣልኝ።» እጁን ያዙት። «ዕብድ እንዳታደርገኝ። እሱ አለመሆኑን አውቄያለሁ። ቢሆንም ይምጣልኝ። ቁልፏንም አላጠፋኋትም።»

አንዱአምላክ ወደ ድንኳኑ ማዶ አየ። የተሰረዘ ስብስብ አይመለስም። ከባዶ ነው የሚጀመረው፤ መቶ ሰው።

«ይመጣል እትዬ» አለ።

ተነስቶ ወደ ወንዶቹ ሄደ። ዕድሩ በሙሉ ተገኝቷል፤ ማንም አልቀረም። ከመግቢያው በኩል ያለው የመጀመሪያው ወንበር ላይ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው አቶ ፈንታሁን ተቀምጠዋል። አንዱአምላክ ጎንበስ ብሎ ጆሯቸው ሥር አንሾካሾከ።

«ጋሼ፣ ስልክዎን ይዘዋል?»

«ልቅሶ ላይ? አበድክ?»

«ያን ገጽ አንድ ጊዜ ይክፈቱልኝ።»

አቶ ፈንታሁን እንጨት ላይ የተወጠረውን ፎቶ አዩ፤ ከዚያ አንዱአምላክን።

«አሁንም ሆላንድ ነው?»

«አይ ጋሼ። ለእትዬ ነው።»

አቶ ፈንታሁን ሴቶቹ ወዳሉበት አየት አደረጉ። ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ከጋቢያቸው ሥር ስልካቸውን አወጡ። ገጹ እስኪከፈት ጠብቀው፣ አጠገባቸው ያለውን ሰው በክርናቸው ነካ አደረጉት።

«ክፈት» አሉት በሹክሹክታ። «ላጠገብህም ንገረው። ያልከፈተ ቀሪ ነው።»